ውሃው የሚያርፍበት ቦታ

ልሳነወርቅ የዊልቸሩን አራት መንጠቆዎች አንድ በአንድ ጎተት እያደረገ ፈተሸ። ሁሉም ጠብቀዋል። ደግሞ ፈተሸ። አቅመ ደካሞችን በቫን ወደ ሐኪም ቤት ማመላለስ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን መንጠቆ ላልቶበት አያውቅም። ዛሬ ከወለሉ ቀና ማለት ያቃተው ለጥንቃቄ ብሎ አልነበረም። ቀና ሲል ሚስ ዶሪስ ምን ብለው እንደሚጠይቁት ስለሚያውቅ ነው።

ቀና አለ። እሳቸውም ጠየቁት።

«ፖስታዬ ደረሰ?»

«እሺ፣ ሚስ ዶሪስ። ሁሉም እሺ ነው።»

የቫኑን በር ዘጋና ዞሮ ወደ መሪው ሄደ። የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ «እሺ» የምትለዋን ቃል ግን ልሳነወርቅ በየትኛውም ቋንቋ ቢያወራ አይተዋትም። ሚስ ዶሪስ ከአማርኛ የሚያውቁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ «ጾም»፣ ሌላው «እሺ»። ሁለቱንም ከእሱ ነው የለመዱት።

መሪው ላይ ተቀምጦ አማተበ። ፖስታው ከራሱ በላይ፣ በፀሐይ መከላከያው ሥር በላስቲክ እንደታሰረ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ እዚያው ነው። ከኋላ ለተቀመጠ ሰው አይታይም።

ሚስ ዶሪስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ወደ ዲያሊሲስ የሚወስዳቸው ልሳነወርቅ ነው፤ አራት ዓመት ሞላው። እሳቸው ያወራሉ፣ እሱ ይሰማል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ እንግሊዝኛውን ከሬዲዮና ከተሳፋሪ አፍ የለቀመ ሰው ነው፤ ሰው ሲያወራ አለማቋረጥ ከልጅነቱ የታደለው ጠባይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው ከተማ፣ መንገዱም ሱቁም ሳይኖር፣ የማን አገር እንደነበረ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ፒስካታዌይ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ እሳቸውም ከእነሱ ወገን ናቸው። የሜሪላንድ መንግሥት አላችሁ ብሎ በወረቀት ካወቃቸው ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

«ሰማንያ ዓመት ሙሉ ግብር ከከፈልኩለት በኋላ አየኝ» ብለው ያን ጊዜ በጣም ስቀው ነበር።

ካቶሊክ ናቸው። መቁጠሪያቸው ከቦርሳቸው አይለይም። ዘንድሮ የእሱም የእሳቸውም ፋሲካ በአንድ ቀን ስለሚውል ሁለቱም ጾም ላይ ናቸው። እሳቸው ጣፋጭ ትተዋል። እሱ ሥጋና ወተት እንደማይቀምስ ሲነግራቸው «ስንት ቀን?» አሉ። አምሳ አምስት ሲላቸው፣ «እኔ እንግዲህ ኩኪስ ተውኩ ብዬ ለእግዚአብሔር ስኩራራበት ነው የከረምኩት» አሉት።

ነገሩ የተጀመረው በፓርኩ ነው። ሚስ ዶሪስ ከሚኖሩበት ሕንፃ ጀርባ አንዲት ቀጭን ጅረት አለች። ከጅረቷ አጠገብ የነበረው የመኪና ማቆሚያ ፈርሶ በቦታው ትንሽ ፓርክ እየተሠራ ነው፤ የፓርክ ቢሮውም ነዋሪው ስም ያምጣ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። የሚስ ዶሪስ አያት በዚያ ሰፈር ለባለጸጋ ቤተሰብ ልብስ ያጥቡ ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ትንሿን ዶሪስን ይዘው ከጅረቷ ዳር አረፍ ይሉና ቦታውን በገዛ ቋንቋቸው ይጠሩላት ነበር። አንዲት አጭር ቃል ናት። ውሃው የሚያርፍበት ማለት ነው። ከዚያ ቋንቋ ሚስ ዶሪስ ዘንድ የቀረው ቃል ሃያ አይሞላም፤ ይህችኛዋን ከእሳቸውና በመንገድ ካስተማሩት ከልሳነወርቅ ሌላ የምታውቃት እህታቸው ናት፣ እሷም አሁን የራሷን ልጆች አትለይም። ቃሏ ሳይሞቱ እንጨት ላይ ተጽፋ እንዲያዩዋት ነበር የፈለጉት። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ደንቡ ስም ያቀረበ ሰው ከአምስት ጎረቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ ይላል። ሚስ ዶሪስ ሦስት ሳምንት በዊልቸር ከፎቅ ፎቅ እየዞሩ አምስቱን አገኙ። ረቡዕ ከዲያሊሲስ ሲመለሱ ፖስታውን አወጡና፣ አርብ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት መድረስ እንዳለበት፣ በፖስታ ቤት ቢልኩት እንዳይዘገይ እንደሚፈሩ፣ ቢሮው ደግሞ ከእሱ መንገድ ላይ እንደሆነ ነገሩት። ሹፌር ከተሳፋሪ ዕቃ መቀበል በመሥሪያ ቤቱ ክልክል ነው። ልሳነወርቅ ግን እሺ አለ።

እሺ ያለው ለእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስቸገረ። ሐሙስ ከሥራ ሲገባ ጋሽ ደሳለኝ ከቤቱ መኪና ማቆሚያ ቆሞ ጠበቀው።

ጋሽ ደሳለኝ የሲልቨር ስፕሪንግ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ማኅበሩ ለፓርኩ የአቶ ለገሰን ስም አቅርቧል። አቶ ለገሰን የማያውቅ የለም፤ በሰፈሩ የመጀመሪያውን የአበሻ ሱቅ የከፈቱ፣ ከሱቃቸው ሥር ባለው ቤዝመንት አዲስ መጪ የሚያስተኙ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞሉ፣ የሞተ የሚያስቀብሩ ሰው ነበሩ። ልሳነወርቅ ራሱ ዲቪ ደርሶት የመጣ ጊዜ ሁለት ወር የተኛው እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ በሩዝ ጆንያና በበርበሬ ካርቶን መካከል። አፓርትመንት ሲከራይ ዋስ የሆነለት፣ ቫኑንም እንዲነዳ ያስቀጠረው ደግሞ ይኸው ጋሽ ደሳለኝ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ዓይኑን እያዩ አይሆንም ማለት ልሳነወርቅ ከቶ አልሞከረውም።

«ቅዳሜ ስም ሲመረጥ ስፒች የምታደርገው አንተ ነህ» አለው ጋሽ ደሳለኝ። «ሁለት ደቂቃ ናት። ጽፌልሃለሁ፣ ማንበብ ብቻ ነው።»

«እኔ እኮ ሰው ፊት ቆሜ . . .»

«ልሳነወርቅ ብለው ስም አውጥተውልህ አንድ ቀን ማይክ ሳትይዝ ልትሞት ነው እንዴ? እኔ ከተናገርኩ ‹ይሄ ሰውዬ ደግሞ መጣ› ነው የሚሉት፤ አንተን ሲያዩ ግን ያምናሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ አንድ አፕሊኬሽን አለ አሉኝ፣ የሆኑ ሴትዮ። ደብዳቤያቸው እስካሁን አልገባም። አርብ ካለፋቸው በቃ፣ ብቻችንን ነን።»

ልሳነወርቅ ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ አላለም። እሺ ብቻ አለ።

ሚስቱ ንግስት በመስኮት አይታቸው ነበርና ሲገባ «ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ቤት ገዝቶ የሲልቨር ስፕሪንግን ፓርክ ስም ያወጣል» ብላ ሳቀች። የፖስታውን ነገር ሲያጫውታት ግን ሳቋን አቆመች። የያዘችውን ሽንኩርት እንደያዘች ዞራ አየችው።

«አንዱን እምቢ በል» አለችው። «የቱን እንደሆነ እኔ አልነግርህም። ግን አንዱን፣ ዛሬውኑ።»

እሺ አላት።

አርብ በቢሮው በር ሁለት ጊዜ አለፈ። ረፋዱ ላይ ሲያልፍ መኪና የሚያቆምበት አጣ፤ ፈልጎም አልነበረ። ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሲመለስ ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ቀይ መብራት ያዘው። ከግቢው ባዶ ቦታ ይታያል። የእጅ ቦርሳ ያነገቱ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እጁን ወደ ፀሐይ መከላከያው ሰደደና የፖስታውን ጠርዝ ነካው። በዚያች ቅጽበት አላደርሰውም ብሎ አልወሰነም፤ ይህን በኋላ ራሱን ደጋግሞ ጠይቆታል። አደርሰዋለሁም ብሎ አልወሰነም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላው ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፣ እሱም ነዳ። ሰዓቱ ራሱ ይወስንልኝ ብሎ ነበር የተወው። ሰዓቱም ወሰነ።

አሁን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚስ ዶሪስን ስም ወደሚመረጥበት ስብሰባ እየወሰዳቸው ነው። ሰማያዊ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ የፋሲካውን። መንገዱን ሁሉ ያወሩት ስለ ሰሌዳው ነበር፤ ከጅረቷ በኩል ቢተከል ጥሩ እንደሆነ፣ ልጆች ቁመታቸው እንዲደርስ ዝቅ ብሎ መተከል እንዳለበት። ልሳነወርቅ እሺ፣ እሺ ይል ነበር።

ስብሰባው በኮሚኒቲ ሴንተሩ አዳራሽ ነው። አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ከግማሽ በላዩ የማኅበሩ ሰው ነው፣ የአቶ ለገሰ ሚስትና ልጆችም ከፊት ናቸው። ልሳነወርቅ ዊልቸሩን ከመተላለፊያው ዳር አቆመና እጀታውን እንደያዘ ከኋላቸው ቆመ። ጋሽ ደሳለኝ ከወዲያ ማዶ አየው። ሴትዮዋንም አየ። ቅንድቡን አነሳ።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው የቢሮው ሠራተኛ ፀጉሯ ያጠረ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ሁለት ስም ቀርቦ እንደነበር፣ ለአንዱ ግን የድጋፍ ደብዳቤ በቀኑ ስላልገባለት ለምርጫ እንደማይቀርብ በይቅርታ ተናገረች። የመጨረሻው ውሳኔ ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው አለች። እስከዚያ የጽሑፍ አስተያየት እንቀበላለን፤ ቀን ያለፈበትን ስም ግን መልሰን የምናየው፣ መዘግየቱ የአቅራቢው ጥፋት እንዳልሆነ የሚያስረዳ የተፈረመ ቃል ከመጣልን ብቻ ነው።

ሚስ ዶሪስ እጃቸውን አወጡ። «ደብዳቤዎቹ ተልከዋል።»

«በማን እጅ ነው የተላኩት?» አለች ሴትየዋ።

ልሳነወርቅ እጀታውን ጨብጦ የባርኔጣቸውን ጀርባ እያየ ነበር። ፖስታው ውጭ፣ ቫኑ ውስጥ ነው፤ ከዚህ አርባ እርምጃ አይሞላም። ሚስ ዶሪስ ወደ ኋላ ዞረው አላዩትም። አለመዞራቸው ነው እንዳወቁ የነገረው።

«ምናልባት እኔ ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። «ያቀረብኩት ስም አይቆጠር፣ ደንብ ደንብ ነው። ቃሏን አንዴ ልናገራትና ከዚያ ተቀመጪ በሉኝ። ለነገሩ ተቀምጫለሁ።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ሴትየዋ ፈቀደችላቸው። ሚስ ዶሪስ ቃሏን ጠሯት፤ አጭር ናት፣ ለስላሳ፣ ገና ሳትሰማ የምታልቅ። ትርጉሟን ነገሯቸው። ከዚያም፣ «ትናንት ይህችን ቃል የምናውቃት ሦስት ሰዎች ነበርን» አሉ። «እህቴ ረስታታለች። አሁን እናንተ ሰምታችኋል።»

ሦስተኛው ማን እንደሆነ አልተናገሩም።

ጋሽ ደሳለኝ የልሳነወርቅን ስም ጠራ። ከዊልቸሩ ኋላ እስከ ማይኩ ድረስ ያለው መንገድ ረዘመበት። ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰ፤ ሁሉም እውነት ነበር፣ ቤዝመንቱም፣ ፎርሙም፣ ቀብሩም። የአቶ ለገሰ ሚስት አለቀሱ። ቀና ሲል አዳራሹ እያጨበጨበ ነው፤ ሚስ ዶሪስም፣ መርፌ ያቆሳሰለውን ክንዳቸውን ከፍ አድርገው፣ ከሰዉ ጋር ያጨበጭባሉ።

ሲመለሱ መንገዱን እስከ እኩሌታው ያወራ አልነበረም። ልሳነወርቅ ዝምታ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሲሰማ ዝም ማለት ግን አንድ ነገር ነው፣ የሚሰማ ነገር አጥቶ ዝም ማለት ሌላ።

«ሰውየውን አውቃቸው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አቶ ለገሰን። አንድ ክረምት አውሎ ነፋስ መብራት ያጠፋብን ሳምንት ለሕንፃው ሁሉ ሻማ አከፋፈሉ፣ በነፃ። ስም ይገባቸዋል። ከተማው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ለእሳቸውም የሚሆን ሌላ ቦታ አይጠፋም ብዬ ነበር።»

«አዎ» አለ ልሳነወርቅ።

«ፖስታዬን ስጠኝ።»

ቫኑን ከመንገድ አወጣና አቆመ። ላስቲኩን ፈታ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ፖስታውን ሰጣቸው። ላስቲኩ መሐሉ ላይ መስመር አበጅቶበታል። ሚስ ዶሪስ መስመሩን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ሚስ ዶሪስ፣ እኔ . . .»

«እምቢ ልትለኝ ትችል ነበር» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «እምቢን አውቀዋለሁ። ስሰማው ነው የኖርኩት። እምቢ ሲሉኝ ወደ ሌላ በር እሄዳለሁ። ረቡዕ እምቢ ብትለኝ ኖሮ ሐሙስ ሌላ ሰው እልክ ነበር። ቤቴ ያስቀመጠኝ ያንተ እሺ ነው።»

ቫኑን አስነሳ።

ከሕንፃው ሲደርሱ በቫኑ ሊፍት አወረዳቸው፣ እስከ በራቸው ገፋቸው፣ ቁልፉን ከፈተላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሰኞ እንገናኝ፣ እስከዚያ አትብላ» ብለው ይቀልዱበታል። ዛሬ «ስላደረስከኝ አመሰግናለሁ» አሉ፣ ለማንም ሹፌር እንደሚባለው፤ በሩም ተዘጋ።

ተመልሶ ከመሪው ተቀመጠ። ከሕንፃው ጀርባ የፓርኩ ጅምር ይታያል፤ ገና ሣር ያልበቀለበት አፈር፣ ሁለት አዳዲስ አግዳሚ፣ ስም የሌለው ባዶ ሰሌዳ። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ደሳለኝ ነው።

«አስለቀስከን እኮ» አለው። «ምነው ጠፋህ? ሁላችንም ምሳ ላይ ነን፣ የጾም ነው፣ ና። ስማ፣ እስከ ሠላሳ ቀን ተጨማሪ ደብዳቤ ቢገባ ጥሩ ነው አሉ። ያንተን ራሴ ጽፌ ኢሜይል አድርጌልሃለሁ፤ ሳይን አድርግና እስከ ሰኞ ላክልኝ። እሺ?»

ቃሉ ከአፉ ደርሶ ነበር። ሃምሳ ዓመት የተለማመደው አፍ ነው፤ ባለቤቱን አይጠይቅም። ልሳነወርቅ ከንፈሩን ገጠመ።

«አልፈርምም፣ ጋሽ ደሳለኝ።»

ከወዲያ የሰሃንና የሰው ድምፅ ብቻ ተሰማ። «ምን አልክ?»

«አልፈርምም። አቶ ለገሰን ጠልቼ አይደለም፤ አንተ ታውቃለህ። የሴትዮዋ ደብዳቤ እኔ ጋ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ።»

ጋሽ ደሳለኝ በቀስታ፣ ከሰው ፈንጠር ብሎ መሆኑ ያስታውቃል፣ «ታዲያ ይህን ለማን ተናገርክ?» አለ።

«እስካሁን ላንተ ብቻ።»

«በቃ እዚህ ላይ ይቅራ። እንዲህ እኮ ነገር አይበላሽም። አስበህበት ደውልልኝ። እሺ?»

«አልደውልም» አለ ልሳነወርቅ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ ራሴ አስረዳሃለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። የቀኑን የጉዞ ወረቀት ገለበጠና ጀርባው ላይ ለፓርክ ቢሮው የሚሰጠውን ቃል በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ። ስሙን ጻፈ። ፖስታውን ረቡዕ ከሚስ ዶሪስ እጅ እንደተቀበለ ጻፈ። ከዚያም «ረሳሁት» ብሎ ጻፈ።

ብዕሩን አንስቶ ቃሉን አየው። ደህና ቃል ነው። የረሳ ሰው ይታዘንለታል፤ መሥሪያ ቤቱም ለረሳ ሰው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያልፋል፤ ጋሽ ደሳለኝም ለሰው ሲያወራ «ረስቶት ነው» ይላል። ሚስ ዶሪስም ቢያነቡት ምንም አይሉም ይሆናል። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ቀኑን ተሳስቼ ነው እንዳሉለት ሁሉ፣ ይህንንም ያልፉለታል።

ሰረዘው። በሥሩ፣ ፊደሉን እያሳመረ፣ «አልረሳሁትም። ሁለት ጊዜ በቢሮው በር አለፍኩ፤ አላስገባሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ። ፈረመ፤ ከፊርማው ሥር የሠራተኛ ቁጥሩን ጨመረ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ወረቀቱን ይዞ ወርዶ ወደ ሚስ ዶሪስ በር አመራ።